ዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የማይወጣ ወጪ፦ አዲስ መኪና እና የሚዋሽ የፍሬን መብራት



የኒውዮርክና የእህል በረንዳ ሰንጠረዥ እንደተለመደው ማታ ይለቀቃል። አሁን የማነሳው ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነው። አዲስ ከባድ መኪና ላይ የፍሬን ሸራ ማለቁን የሚያሳየው መብራት ያለ ምክንያት በርቶ ጭነት መንገድ ላይ ሲያቆም፣ ወይም መብራቱ ዝም ብሎ ሸራው አልቆ ሲገኝ ኪሳራው የማን ነው? "አምራቹ ሪኮል አውጥቷል" ሲባልስ እኛን እንዴት ይመለከተናል?

"ደላላን ፍሬን ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። በደንብ ያገባኛል። ውል ማስፈረም የሥራዬ ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ዕቃው በቀኑ መድረሱ ነው። ዕቃው ካልደረሰ ገዢም ሻጭም መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። በመሃል ያለውን መንገድ የሚይዘው ደግሞ ፍሬን ነው።

የምለውን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የፍሬን ንባብ በሁለት መንገድ ይዋሻል፤ ሁለቱም ውሸቶች ዋጋ አላቸው። እኛ ግን የትራንስፖርት ውላችን ላይ መኪና ለደህንነት ሲቆም ማን ስንት እንደሚከፍል አልጻፍንም። መቆም ዋጋ ካልወጣለት ደግሞ ሁሉም መሄድን ይመርጣል።

አንድ መኪና ላይ ምን ተጭኗል?

በምንግባባበት ቋንቋ፣ በቁጥር እንጀምር። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ቡና ይይዛል። ጆንያው 60 ኪሎ ስለሆነ ድምሩ 19.2 ቶን ነው። መኪናና ተሳቢ ሁለት ኮንቴይነር ሲይዙ 384 ኩንታል፣ በፓውንድ 84,600 ግድም ማለት ነው። በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ላይ አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ። እኛ ለስሌት ያህል 3 ዶላር ብንይዘው እንኳ አንድ መኪና ላይ ከ250 ሺህ ዶላር በላይ ተጭኗል።

ገበያው በፓውንድ 5 ሳንቲም ሲወርድ በዚያ መኪና ላይ 4,230 ዶላር ይሄዳል። በዚህ ቻናል ስለ 5 ሳንቲም ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር እናድራለን። ያንን ሁሉ ገንዘብ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ሸራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው ግን ከጫኝ እስከ ላኪ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል።

በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የጅቡቲን ባቡር የሚጠቀም ላኪ ቢኖርም፣ ከማጠቢያ ጣቢያ እስከ መጋዘን፣ ከመጋዘን እስከ ሞጆ መኪና ያልነካው ቡና የለም። ጤፉም እንደዚያው ነው። ከጎጃም የሚመጣው ጤፍ እህል በረንዳ ከመድረሱ በፊት አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። ከደጀን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። መኪና፣ ተሳቢና ጭነት ተደምረው 55 ቶን ቢሆኑ፣ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል ስምንት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ሹፌሩ በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ካልያዘው፣ የሚገባው ሸራውና ዲስኩ ውስጥ ነው።

መብራቱ እንዴት ያውቃል?

ከመካኒኮች ጋር ተቀምጬ የተረዳሁትን በአጭሩ ላካፍል። ታምቡር ፍሬን ባላቸው መኪኖች መካኒኩ ከታች ገብቶ በመመልከቻው ቀዳዳ ሸራውን ያያል። ከኤንትሬ ዘመን ጀምሮ የምናውቀው አሠራር ነው። በአየር የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን ሥራው ለሴንሰር ተሰጥቷል።

በብዙ የአውሮፓ ሥሪት ከባድ መኪኖች ላይ አዲስ የዲስክ ሸራ ከነጀርባ ብረቱ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ብረቱ 9፣ ሸራው 21። ሸራው 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው የግድ ይቀየራል። ከዚያ በታች ብረት ከብረት ይፋጫል።

ሴንሰሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሸራው ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ነው። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩ ሽቦውን ይበላዋል፣ መብራት ይበራል። ይህኛው የሚያውቀው "አለ" ወይም "አልቋል" ብቻ ነው። ሁለተኛው ሸራውን በሚጨብጠው ካሊፐር ውስጥ የተገጠመ መለኪያ ነው። ሸራው ባለቀ ቁጥር ካሊፐሩ ስንት እንደተጓዘ በቮልት ያነባል፣ ኮምፒውተሩ ወደ ፐርሰንት ይቀይረውና ስክሪን ላይ "60 በመቶ ቀርቷል" ብሎ ያሳያል።

ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሶኬቱ ውሃና አቧራ ሲገባበት ይዝጋል። ሽቦው ከጎማ ጋር እየተፋተገ ይቆረጣል። ሸራ ሲቀየር ኮምፒውተሩ "አዲስ ሸራ ገብቷል" ተብሎ ካልተነገረው የድሮውን ይዞ ይቀጥላል። አንዳንዴም ሽቦውም ሶኬቱም ደህና ሆነው፣ ችግሩ ከፋብሪካ የወጣው ሶፍትዌር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሺህ ጊዜ ሴንሰር ብትቀይሩ መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

አንደኛው ውሸት፦ ሳያልቅ አለቀ የሚል

ከሞጆ ወደ ጅቡቲ የወጣ የቡና ጭነት ነበር። መኪናው ገና ዓመት አልሞላውም። ሚሌ ሲደርስ ቀይ የፍሬን መብራት በራ። ሹፌሩ ደንቡን ጠብቆ ቆመ፣ ለባለቤቱ ደወለ። ባለቤቱ ለእኔ፣ እኔ ለላኪዋ ደወልን። ከሎጊያ መካኒክ መጥቶ ጎማ ፈትቶ ሲያይ ሸራው 14 ሚሊ ሜትር አለው፤ ገና ብዙ ይሠራል። ጥፋቱ የሶኬቱ ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሶኬቱ ተጠረገ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም። መኪናውም ፍጥነቱን ገድቦ አላራምድ አለ። ለማጥፋት የሻጩ ድርጅት ኮምፒውተር ያስፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አዲስ አበባ ነው።

አራት ቀን ቆመ። መርከቡ ሄደ። ገዢው "የውሉ የጭነት ወር አልፏል" ብሎ ቅናሽ ጠየቀ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ይብሳል። ያ ሹፌር የሚከፈለው በምልልስ ነው፤ አራት ቀን በረሃ ላይ የቆመበት በነፃ ነው። ትክክል በመሥራቱ ከሁሉም በላይ የተቀጣው እሱ ሆነ። በሚቀጥለው ጉዞ መብራቱ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። "ወንድሜ፣ ምን ላድርግ? ዝም ብሎ ይበራል እኮ፤ ቁም ብሎ የሚከፍለኝ የለም" አለኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በልጥ ደጋግሞ የደነገጠ ሰው እባቡንም ልጥ ነው ብሎ ይረግጠዋል። የሐሰት ማስጠንቀቂያ ትልቁ ዋጋ የቀናት መዘግየት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያን መናቅ ማስተማሩ ነው።

ሁለተኛው ውሸት፦ አልቆ ሳለ አለ የሚል

ሁለተኛው ከጎጃም ጤፍ ጭኖ የሚመጣ መኪና ላይ የተፈጠረ ነው። ስክሪኑ የኋላው አክሰል ሸራ ግማሹ እንደቀረ ያሳያል። መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ፣ ይህን መንገድ ከአሮጌው ድልድይ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ደጀን ላይ ሻይ ሊጠጡ ሲቆሙ እንደ ልማዳቸው መኪናውን ዞሩ። አንዱ የኋላ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ይጋረፋል፣ ሳይነኩት ሙቀቱ ይሰማል። ጭነቱን ይዘው እዚያው አደሩ።

ጠዋት ሲፈታ የውስጠኛው ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። የውጪው አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ስለተያዘ አንዱ ወገን ብቻውን ሲበላ ከርሟል። መለኪያው ደግሞ የሁለቱን ድምር ነው የሚያነበው። አንዱ አልቆ፣ ሌላው ሙሉ ሆኖ ሲደመር ግማሽ ይመጣል። ስክሪኑ በሒሳብ ትክክል ነው፤ መኪናው ግን በዚያ እግር ፍሬን የለውም።

ይህን እናንተ ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። አንዱ ጤፉን በ10 ሺህ፣ ሌላው በ14 ሺህ ሸጦ "አማካይ ዋጋ 12 ሺህ" ሲባል፣ በ12 ሺህ የሸጠ ሰው የለም። አማካይ ቁጥር ለሰንጠረዥ ይጠቅማል፤ አባይ በረሃን ለመውረድ ግን እያንዳንዱን እግር ለብቻው ማየት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ስልክ ደውዬ "ጋሼ፣ ስክሪኑ ደህና እያለ ምን አስቆመዎት?" ብላቸው፣ "ልጄ፣ ስክሪኑ ጋቢና ውስጥ ነው ያለው፤ ፍሬኑ ያለው ከታች ነው" አሉኝ።

አዲስ መሆን ዋስትና አይደለም

"አዲስ መኪና እንዲህ አይሆንም" የሚል ሰው ካለ፣ አገራችን ከማንም በላይ የምታውቀውን አንድ ነገር ላስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አልቋል። ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ ከገባ አራት ወር ገደማ ብቻ ነበር። በግራ በኩል ያለው የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለካ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ሰጠ፣ ሶፍትዌሩም ያንን አንድ ንባብ አምኖ አውሮፕላኑን ወደ ታች ገፋው። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው በተመሳሳይ ምክንያት ሞቷል።

አየር መንገዳችን የቀሩትን ማክሶች ወዲያው አቆመ፣ ዓለምም ተከተለ። አውሮፕላኑ አሜሪካ ውስጥ ተመልሶ እንዲበር የተፈቀደው ከ20 ወር በኋላ ነው፤ የእኛ አየር መንገድ የመለሰው ደግሞ በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ከተስተካከሉት ነገሮች አንዱ ሶፍትዌሩ አንድ ሴንሰር ብቻ ሳይሆን ሁለቱን እንዲያነጻጽር መደረጉ ነው። የእኛ አገር ሽማግሌ እንኳ በአንድ ምስክር ቃል አይፈርድም።

የመኪናን ጉዳይ ከዚያ ሐዘን ጋር እኩል ላደርግ አይደለም። ግን ትምህርቱ አንድ ነው፦ አንድ ንባብ ብቻውን ሲታመን፣ ዕቃው አዲስ መሆኑ አያድንም። ሌላም ትምህርት አለው፤ የቆሙት አውሮፕላኖች ኪሳራ ከባድ ነበር፣ ግን የመቆሙ ውሳኔ ከገንዘቡ በፊት ተወሰነ።

ሪኮል ምንድን ነው፣ ለምን አይደርሰንም?

ሪኮል ማለት አምራቹ "ከዚህ እስከዚህ ቁጥር ያመረትኳቸው መኪኖች ላይ ጉድለት አለ" ብሎ ባለቤቶቹን ጠርቶ በነፃ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በሕግ የተደገፈ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጀነራል ሞተርስ በአንዲት ርካሽ የቁልፍ ማብሪያ ጉድለት 2.6 ሚሊዮን መኪና ጠርቷል። በኋላ በተከፈለው ካሳ መሠረት ጉድለቱ ከ124 ሰዎች ሞት ጋር ተያይዟል።

አሠራሩ የሚቆመው በሻንሲ ቁጥር ላይ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ቁጥር መኪናው በየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዙር እንደተሠራ ለአምራቹ ይነግረዋል። ደብዳቤው የሚላከው አምራቹ መዝገብ ላይ ላለው ገዢ ነው። መኪናው በይፋዊ ወኪል በኩል ከገባ አድራሻው ይገኛል። በሦስተኛ አገር በኩል ዞሮ የገባ ከሆነ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ያኛው አገር ያለ ነጋዴ ነው። ደብዳቤው እሱ ጋ ይቀራል፤ መኪናው እዚህ አባይ በረሃ ይወርዳል።

ባለፈው ሰሞን መስቀል አደባባይ አካባቢ፣ ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው በኩል አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። የሚሌው ጭነት ባለቤት የሆኑት ላኪ፣ ባለመኪናው፣ መኪናውን የሸጠው ድርጅት ወኪል እና እኔ ነበርን።

ላኪዋ ቀጥታ ገቡበት። "አዲስ መኪና ነው ብላችሁ አይደል በኩንታል ጨምራችሁ ያስከፈላችሁኝ? መርከቡ ሄዶብኛል፣ ገዢዬ ቅናሽ ይዞ ቆሟል።"

ባለመኪናው "እትዬ፣ እኔም ተጎድቻለሁ። መኪናው ቆመ ብሎ ባንኩ ወለዱን አያቆምልኝም" አለ።

ወኪሉ ደግሞ ረጋ ብሎ "ሸራና ሴንሰር የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ዋስትና ውስጥ አይገባም" አለ።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። የሻንሲ ቁጥሩ ለአምራቹ ተልኮ፣ በዚህ ዙር ላይ የወጣ ጥሪ አለ ወይ ተብሎ ተጠይቋል? ማንም አልጠየቀም ነበር። ወኪሉ እዚያው ስልኩን አውጥቶ የሊብሬውን ፎቶ ተቀበለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ መልስ መጣ፤ ለዚያ ዙር የሶፍትዌር ማሻሻያና የሶኬት ለውጥ ቀድሞ ወጥቷል፣ ሥራውም በነፃ ነው። ባለመኪናው የነበሩት ሌሎች ሁለት መኪኖችም በዚያው ዙር ውስጥ ተገኙ። ያ መልስ ከሚሌ በፊት ቢመጣ ኖሮ አራቱ ቀን፣ መርከቡና ቅናሹ ሁሉ ባልነበሩ።

ስንወጣ ላኪዋ አደባባዩን እያዩ የተናገሩት ነው ከሁሉም በላይ የከበደኝ። "ከዚህ ሌሊት የሚነሳው አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚሄድበት መንገድ የእኛ ጭነት የሚሄድበት ነው አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ ነው። ንጋት ላይ ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ተሳፋሪ ቁልቁለት ላይ የሚገናኘው የእኛን 384 ኩንታል ነው። እሱ የእኛን ውል አልፈረመም፤ ስለ መርከባችን መዝጊያ ቀንም አያውቅም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው "የሸማቾች መብት አለ አይደል?" ይለኛል። አለ፤ ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ነው። ለሥራ የተገዛ ከባድ መኪና እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መሄጃችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በዚያ ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ዋስትና ይሰጣል። ገዢ ደግሞ ዕቃውን መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ስልክ ደውሎ መጮህ ማስታወቅ አይባልም፤ ቀን ያለበት ጽሑፍ ይሁን።

ባለመኪኖች የቁጥር 2081ን ትርጉም እወቁ። መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። "ሴንሰሩ ነው የዋሸው" ማለት ለተጎዳው ሰው መልስ አይሆንም። ቁጥር 2085 ደግሞ አምራቹ በምርቱ ለሚደርስ ጉዳት እንዲጠየቅ ያደርጋል፤ ሆኖም ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹ ይድናል። ይህችን ሐረግ ደግማችሁ አንብቧት። ጎማ ፈትቶ ሸራ ማየት የተለመደ ምርመራ ነው። እኛ ሳናይ ከቀረን ስክሪኑን አምነን ነበር ማለት ላያዋጣን ይችላል። የዓመቱ ቦሎም አይተካውም፤ ቦሎ በዓመት አንዴ ነው፣ ሸራ በየጉዞው ያልቃል።

ውላችን ላይ ምን እንጻፍ?

ከዚያ ስብሰባ በኋላ እኔ በምገባባቸው የትራንስፖርት ውሎች ላይ የሚከተሉትን እያስገባሁ ነው። ለእናንተ በሚመች መልክ አስተካክላችሁ ውሰዱት፤ ጠበቃችሁም ይየው።

1. ከመጫን በፊት የእያንዳንዱ እግር ሸራ፣ የውስጡም የውጪውም፣ በመለኪያ ይለካል። ቁጥሩና ፎቶው ለላኪ ይላካል። እኔ ለጅቡቲና ለአባይ በረሃ ጉዞ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች አልቀበልም።

2. የፍሬን መብራት ከበራ ወይም ሹፌሩ ሙቀት፣ ሽታ ወይም ድምፅ ከተጠራጠረ የመቆም መብት አለው። ማንም በስልክ "ቀስ ብለህ ግባ" ሊለው አይችልም።

3. ለደህንነት የቆመበት ቀን ይከፈላል። የሹፌሩ አበል ሳይቆረጥ፣ የመጀመሪያው ቀን ወጪ በላኪና በባለመኪና እኩል ይካፈላል። ጥፋቱ መለካት የነበረበትን ያልለካው ወገን ከሆነ እሱ ይሸፍናል።

4. ከ24 ሰዓት በላይ ከቆመ ባለመኪናው ተተኪ መኪና ያቀርባል። የተተኪው ዋጋ አስቀድሞ ውሉ ላይ ይጻፋል።

5. ባለመኪናው በየስድስት ወሩ የሻንሲ ቁጥሩን ለአምራቹ ወይም ለወኪሉ ልኮ የጥሪ መልስ በጽሑፍ ያመጣል።

6. የተነቀለ ሶኬት ወይም የተሸፈነ መብራት ከተገኘ መኪናው አይጫንም።

7. ላኪው ከመርከቡ መዝጊያ ቀን በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ትርፍ ይይዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የመጨረሻ ቀን ላይ የተጫነ ጭነት ሹፌሩን ቁልቁለት ላይ የሚገፋ ጭነት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ብዙ ክርክር ያስነሳል። "ለቆመ መኪና ለምን እከፍላለሁ?" ይሉኛል። መልሴ ሒሳብ ነው። አሁን ባለው አሠራር ሹፌሩ ሲቆም እሱ ይከስራል፣ ሲሄድ ደግሞ አደጋው የሁሉም ነው። ምርጫውን ያደረግነው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። የአንድ ቀን ወጪን ግማሽ መክፈል ከ250 ሺህ ዶላር ጭነት ጋር ሲተያይ ገበያው በጠዋት ከሚያንቀሳቅሰው ሳንቲም አይበልጥም።

ለገበሬ ዩኒየኖች አንድ ነገር ልጨምር። የትራንስፖርት ጨረታ ስታወጡ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ ካያችሁ፣ ሸራ በሰዓቱ የሚቀይረው ባለመኪና ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ ወጪው ዋጋው ላይ ስለሚታይ። የሚያሸንፈው ሸራውን የሚያስረዝመው ነው። የመለኪያ ሪፖርቱን የጨረታው ነጥብ አድርጉት። ልዩነቱ በኩንታል ጥቂት ብር ነው፣ ቡናው ግን የአባሎቻችሁ የዓመት ልፋት ነው።

ለባለመኪኖችም፦ አዲስ መኪና ስትገዙ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ኮምፒውተሩን የሚያነብ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ውጪ የት አለ? ሪኮል ሲወጣ ማን ያስታውቀኛል? ሁለቱንም በጽሑፍ የማይመልስ ሻጭ የሸጠላችሁ መኪና ሚሌ ላይ ሲቆም ስልኩን አያነሳም።

እናንተ ጋ ያለውን ልምድ አስተያየት ላይ ጻፉ፤ በተለይ የሻንሲ ቁጥር አስጣርታችሁ መልስ ያገኛችሁ ካላችሁ ስንት ቀን እንደፈጀ ንገሩን። የድርጅትና የሰው ስም ግን አትጥቀሱ። ጽሑፉን ለሹፌሮቻችሁና ለትራንስፖርት ማኅበራት አጋሩላቸው።

የማታው ሰንጠረዥ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። መልካም የገበያ ሳምንት።